መንግሥቴና የቆላው ዋናተኛ

የጥቁር ውኃ ግድብ ዘበኛ መንግሥቴ በማንም ሳይቀና አርባ ሦስት ዓመት ኖሮ፣ በአርባ አራተኛው፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰኞ ዕለት፣ አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ ግድቡ ውስጥ ሲገባ አየና ቀና። ቀና ሲባል እንዲያው ከንፈርን ነከስ አድርገው የሚያልፉት ዓይነት አይደለም። ጨጓራው እንደተነሣበት ሰው ሆዱን ይዞ ድንጋይ ላይ ቁጭ ነው ያለው።

ደግሞም አይፈረድበትም። ግድቡ ያለው ከሰቆጣ በላይ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ዳገት ከተወጣ በኋላ፣ ደጋው ገበታ መስሎ ከተዘረጋበት ነው። ሲሠራ የመንግሥቴ አባት ሁለት ጥማድ መሬት ከውኃው ሥር ቀርቶባቸዋል፤ በምትኩ ልጃቸው ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ስለዚህ መንግሥቴ «ውኃዬ» ሲል አፉን ሞልቶ ነው። ዋና ያስተማረው ሰው የለም። በመጀመሪያው ክረምት የጎረቤት ጥጃ ገብታ ስትንፈራገጥ፣ ባዶ ጀሪካን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ተከተላት። ጥጃዋ በራሷ ጊዜ ወጣች፤ እሱ ግን እዚያው ቀርቶ ዋና ተማረ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥራ አራት ዓመታት አራት ሰው፣ ሁለት አህያና አንድ የመስኖ ሞተር ከውኃ አውጥቷል። ሰው የሚያወራለት ግን ስለ ሞተሩ ነው፤ ሰዎቹና አህዮቹ በእግራቸው እየተንፈራገጡም ቢሆን አግዘውታል፣ ሞተሩ ምንም አላገዘውም። ሰቆጣ ገበያ ሲወርድ «ዓሣው መጣ» ይሉታል። እሱም «ተዉኝ እባካችሁ» ይላቸዋል። ሳይሉት የቀሩ እንደሆነ ደግሞ ገበያውን ሁለተኛ ይዞረዋል።

ጫማውን ያወለቀው ሰው ወንዳወቅ ይባላል። መንግሥቴን የቀጠረው የዚያው የግብርና ጽሕፈት ቤት አዲስ የዓሣ ባለሙያ ነው። ከጽጽቃ ተዛውሮ የመጣ፣ የሃያ ስምንት ዓመት ሎጋ፣ ተወልዶ ያደገውም ከጽጽቃ ቁልቁል፣ ተከዜ ዳር። የመጣው ግድቡ ዓሣ ማርባት ይችል እንደሆነ ሊያይ ነበር። ውኃውን በጠርሙስ ቀዳ፣ ቅዝቃዜውን ለካ፣ ደብተሩ ላይ ጻፈ። እዚህ ድረስ መንግሥቴ ነገሬም አላለው። ከዚያ ሰውየው ከቦርሳው ጥቁር የዋና መነጽር አወጣ።

«ጋሼ፣ ጥልቀቱ ምን ያህል ይሆናል?» አለ።

«ለማያውቀው ብዙ ነው» አለ መንግሥቴ።

ወንዳወቅ ሳቀና ገባ። መንግሥቴ የሚዋኘው ራሱን ከውኃ በላይ አውጥቶ፣ ግራ ቀኙን እየቃኘ፣ ዘበኛነቱን ውኃ ውስጥም ሳይተው ነው። ይኸኛው ግን ፊቱን ነከረ። ክንዱ ከውኃ ሲወጣ ድምፅ የለውም፣ ሲገባም የለውም፤ ሸማኔ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ እንደሚልከው ዓይነት ብቻ እልም ይልና ራቅ ብሎ ብቅ ይላል። መንግሥቴ ሆዱን ይዞ የተቀመጠው ይኼኔ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይዋኝ እንዳልነበረ፣ ላለመስጠም ሲታገል እንደኖረ ተሰማው።

ደግነቱ ሰውየው ከመሀል ሲደርስ ቀጥ አለ። ቆላ የለመደ ሳንባው የደጋውን ስስ አየር ቢስበው ቢስበው አልሞላለት አለ። በጀርባው ተንጋሎ ወደ ሰማይ እያየ ሲያለከልክ፣ መንግሥቴ ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት የሠራተኞች የስፖርት ውድድር ሊደረግ ነው ተባለ። ከፋሲካ በኋላ፣ የመሥሪያ ቤቶች ሁሉ ሠራተኞች ኳስ ይጫወታሉ፣ ገመድ ይጓተታሉ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ ዋና ይዋኛሉ። ዋናው የሚደረገው እዚሁ ጥቁር ውኃ ግድብ ላይ ነው። ከየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ። መንግሥቴ ወሬውን እንደሰማ ማልያው ምን ዓይነት ቀለም እንደሚሆን ነበር ያሰበው። ከግብርና ጽሕፈት ቤት ሌላ ማን ሊሆን ነው? ይልቅስ ዋንጫውን ጎጆው ውስጥ የቱ ጋ እንደሚያስቀምጥ ከሚስቱ ከደመቀች ጋር ሳይቀር ተነጋገረ።

የስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ የትናየት ግን አስጠርታ፣ በጾሙ አምስተኛ ሳምንት ቅዳሜ አንተና ወንዳወቅ ተወዳደሩ፣ የቀደመውን እናስመዘግባለን አለችው። ቅዳሜ የተባለበት ምክንያት ቅዳሜ ጾም ስለማይዋል ነው፤ በሌላው ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው ውኃ ውስጥ ማወዳደር ግፍ ነው ብላ። መንግሥቴ አሥራ አራት ዓመት በዚያ ውኃ ማንም እንዳልቀደመው ሊያስረዳት ሞከረ።

«ብቻህን ስትዋኝ ማን ይቀድምሃል?» አለችው ወይዘሮ የትናየት፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው።

እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ሰዎች አንድ ውኃ ላይ ልምምድ ጀመሩ። ጊዜያቸው ስምንት ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ውኃውን ትንሽ ታሞቀዋለች፣ ልምምዱም ሲያልቅ ጾም መፍቻው ይደርሳል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደመቀች በሶ በጥብጣ ታመጣለች። መጀመሪያ ለባሏ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን «ከሰው ፊት አንድ ሰው ብቻ አይበላም» ብላ ሁለት ዋንጫ ይዛ መጣች። መንግሥቴ ዋንጫዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ አያቸው። እኩል ናቸው። በማግሥቱም አያቸው። የወንዳወቅ በጣት ስፋት የሚበልጥ መሰለው።

«ምን ታያለህ?» አለችው።

«ዝንብ የገባበት መስሎኝ ነው።»

ወንዳወቅን የሚጠላበት ነገር ፈልጎ አጣ። ዓሣ ባለሙያ ነው፣ በጾም ምን እንደሚበላ ማን ያውቃል ብሎ አንድ ሁለት ሰው ጆሮ ላይ ጣል አድርጎ ነበር፤ ሰውየው ለካ የሚጾመው እስከ ዐሥር ሰዓት ነው፣ በሶውንም ለደመቀች ይሉኝታ ብሎ ይዞት ይቆይና ነው የሚጠጣው። መስኖ የሚያጠጡት ገበሬዎች ደግሞ ወደዱት። በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ቀልድ ይነግራቸዋል፣ እነሱም መንግሥቴ በዚያው በኽምጣና የነገራቸውን ቀልድ ሁሉ እንዳልሰሙ ሆነው ለዚህኛው ይንከተከታሉ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ፣ እንትን፣ ደርቤ የሚባለው ሽንኩርት አምራች፣ ወንዳወቅ ሲዋኝ አይቶ «ዓሣ ማለት ይኼ ነው» አለ። መንግሥቴ በአጠገቡ ነበር። ያን ጊዜ ያወጣው የመስኖ ሞተር የማን እንደነበር ደርቤን ላስታውሰው ወይስ አላስታውሰው እያለ እስከ ማታ ተቃጠለ።

ከሁሉ የባሰው ግን ወንዳወቅ ያስተምረው ጀመር።

«ጋሼ፣ ድካምዎ አንገትዎ ላይ ነው» አለው አንድ ቀን። «ራስዎን ሽቅብ ሲያወጡ እግርዎ ይሰምጣል። ፊትዎን ይንከሩትና በጎን ይተንፍሱ።»

መንግሥቴ እንዳለው አደረገና የግድቡን ሩብ ጠጣ። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ቀነሰ። በሳምንቱ በጎን መተንፈስ ቻለ፣ ፍጥነቱም ጨመረ፤ በየክንዱ ውርወራ ግን «ይኼን እሱ ነው ያስተማረኝ» የሚለው ነገር ጎኑን እየወጋው ነበር። ሰው ሲቀናበት ክፉ ሆኖ ቢገኝ ምን አለበት? እንዲህ ያለ ደግ ሰው ላይ መቅናት አድካሚ ነው።

ታዲያ አንድ ነገር ነበረ። ወንዳወቅ በዚህ ሁሉ ማማር ከማዶው ወይራ ዛፍ የሚደርሰው ከመንግሥቴ በኋላ ነው። መንግሥቴ በመጀመሪያ የትንፋሽ ነገር ነው ብሎ ነበር። እውነትም ከመንገዱ ሦስት እጅ ሁለቱ ሲያልቅ ሰውየው ያለከልካል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ግን ደግሞ በየቀኑ ወይራውን ትቶ ከዛፉ በስተግራ፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ደለሉ ውስጥ ነው የሚወጣው። ከዚያ በኩል ሲመለስም ከመነሻቸው ከዘበኛው ጎጆ በስተቀኝ ይወጣል። መንግሥቴ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አሰበ። አንድ ክንዱ በርትቶ ቢሆን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎኑ ነበር የሚሄደው። ይኼ ሰው ግን ሲሄድም ሲመለስም ወደ ውኃው ራስ፣ ምንጩ ወደሚገባበት ነው የሚያዘነብለው።

መልሱን ራሱ ወንዳወቅ ነገረው፣ ሳያውቀው። በሶ እየጠጡ ስለ ልጅነቱ ሲያወራ፣ ተከዜን የሚሻገሩት ልብሳቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው እንደነበር አጫወተው። «አባቴ ምን ይለን ነበር መሰለዎ? ልትደርሱበት የምትፈልጉትን ድንጋይ አትዩ፣ ከሱ በላይ ያለውን እዩ፤ ወንዙ ራሱ ያወርዳችኋል።»

መንግሥቴ ዋንጫውን አፉ ላይ እንደያዘ ቀረ። ይኼ ሰው ከሌለ ወንዝ ጋር እየታገለ ነው! ተከዜ ይወስደኛል ብሎ ሽቅብ ያነጣጥራል፣ እዚህ ደግሞ የሚወስደው ነገር የለም፤ ያነጣጠረበት ይደርሳል። አእምሮው ግድብ መሆኑን ያውቃል፤ ገላው ግን አልሰማም። ፊቱ ውኃ ውስጥ ስለሆነም አያየውም።

ትንሽ ቆይቶ ወንዳወቅ፣ ከዳር ሆነው ሲያዩት ምን ወደ ኋላ ያስቀረዋል ብሎ ጠየቀው።

«ትንፋሽ ነው» አለ መንግሥቴ። «ደጋ ነው እኮ።»

ውሸት አይደለም። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ከበሶው ጋር ዋጠው፤ እንዲህ የጣፈጠ በሶ ጠጥቶም አያውቅ።

የማጣሪያው ቅዳሜ ደረሰ። በግድቡ ክትር አናት ላይ ሰው እንደ ገበያ ፈሰሰ፤ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች፣ ገበሬዎቹ፣ ከወዲያኛው ቀበሌ ሳይቀር። ወይዘሮ የትናየት ፊሽካዋን ነፋች። መንግሥቴ በተማረው አተነፋፈስና በራሱ ሳንባ ቀጥ ብሎ ወደ ወይራው ሄደ። ዛፉን ሲይዝ ወንዳወቅ በስተግራ ደለል ውስጥ እየተራገጠ ነበር። አሸነፈ። ስሙ ተጻፈ። ወይዘሮ የትናየት ጨበጠችው።

ከዚያ ፎጣውን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ሰው ምን እያለ ነው ብሎ፣ በክትሩ ላይ ቀስ እያለ አለፈ። የሚወራው ስለ ወንዳወቅ ነው። ከላይ ሆነው አይተውታልና ሁሉም ያውቃል። «ቀጥ ብሎ ቢሆን ኖሮ!» ይላል አንዱ። «ምን ጥያቄ አለው፣ ቀጥ ብሎ ቢሆን ኖሮማ!» ይላል ሌላው። ደርቤ በእጁ አየሩ ላይ መሥመር እየሳለ ለሦስት ሰው ያስረዳል። ለአሸናፊው አንድ ሁለት ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» አለው፣ ዐይናቸው ግን ደለሉ ላይ ነበር።

ቤት ሲገባ ደመቀች ሽሮውን እያቀረበች ጎሽ አለችው። ቀጥላም፣ ለራሷ እንደምትናገር፣

«እንዴት አምሮበት ነው ግን የጠፋው» አለች።

መንግሥቴ ሽሮውን ገፋ አደረገው። አንድ ሰው ተሸንፎ፣ ያውም መንገድ ስቶ፣ ያውም ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሊያምርበት ይችላል? ያሸነፈው ሰው ደግሞ ሚስቱ ፊት ተቀምጦ ሽሮ ይበላል። እስከ አሁን በወንዳወቅ ዋና ነበር የሚቀናው፤ አሁን በሽንፈቱም ቀና። ይኼ «ቢሆን ኖሮ» የሚባለው ነገር ከዋንጫ ይበልጣል ለካ። ዋንጫ ያሸነፈውን ያህል ብቻ ነው፤ «ቢሆን ኖሮ» ግን መጨረሻ የለውም፣ ሰው በየቀኑ እየጨመረበት ያሳድገዋል።

ሰኞ በስምንት ሰዓት ወንዳወቅ ውኃ ሊቀዳ ሲመጣ መንግሥቴ ተቀበለውና ያለ መግቢያ ነገረው።

«አንተ ተከዜን ነው የምትዋኘው። እዚህ የሚወስድህ ውኃ የለም። ወደ ወይራው አነጣጥር፣ ወይራው ጋ ትደርሳለህ።»

ወንዳወቅ ውኃውን አየ፣ ዛፉን አየ፣ ወደ ምንጩ መግቢያ ዞሮ አየ። ከዚያ በሁለት እጁ ራሱን ያዘና ሳቀ። መቼ እንዳወቀ ጠየቀው። መንግሥቴ ዐይኑን ወደ ክትሩ ሰደደና «ቆየት ብሏል» አለ። ሌላው ሰው ቢሆን ይጣላ ነበር። ወንዳወቅ ግን መነጽሩን አወጣ።

ሰው በሌለበት፣ ሁለቱ ብቻ፣ ደግመው ዋኙ። በየአሥር ክንዱ ቀና እያለ ዛፉን እንዲያይ መንግሥቴ መክሮታል፤ አየም። ወይራው ሥር ቀድሞ ወጣ፣ ከመንግሥቴ በአራት ሰው ቁመት። አለከለከ፣ ተንጋለለ፣ ግን ቀድሟል። መንግሥቴ ከኋላው ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና ዳገቱን ቁልቁል እያየ ብዙ አሰበ። እንዲህ ነበር ያሰበው፤ እኔ ብወዳደርና ባሸንፍ «ያኛው ቀጥ ብሎ ቢሆን ኖሮ» ይላሉ። ብሸነፍ «ያኛውን ልከው ቢሆን ኖሮ» ይላሉ። እሱ ሄዶ ቢሸነፍ ግን «መንግሥቴ ሄዶ ቢሆን ኖሮ!» ይላሉ። በየገበያው፣ በየሰርጉ፣ ዕድሜ ልክ።

በማግሥቱ የወይዘሮ የትናየትን ቢሮ አንኳኳና በእኔ ፋንታ ወንዳወቅን ጻፉት አላት። እሷ መነጽሯን አወለቀች።

«አሸንፈህ ነው ለሌላ የምትለቀው?»

«እሱን ጻፉት፣ እሜቴ» አለ መንግሥቴ።

ወይዘሮ የትናየት ዐይኗ እንባ አቀረረ። ነገሩን ለጾሙ ብሎ ያደረገው መሰላት። ወሬው ሳይውል ሳያድር ቢሮውን አዳረሰ፤ እንዲህ ያለ ትሑት ሰው በዚህ ዘመን ተገኘ ተባለ፣ የስብሰባ ማስታወሻ ላይ ሳይቀር ሰፈረ። መንግሥቴ ሲመሰገን አንገቱን ይደፋል። ትሕትና ይመስላቸዋል እንጂ ሳቁን እየደበቀ ነው፤ ሳቁ ሲያልፍለት ደግሞ እፍረት ቢጤ ይመጣበታል፣ አንገቱን ያው እንደደፋ ይቆያል። ደመቀች ብቻ አላመነችውም። «አንተ? ለጾሙ?» ብላ ትክ ብላ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከሰሙነ ሕማማት በስተቀር አንድም ቀን ሳያቋርጥ ግን አሠለጠነው። ከጎጆው ወደ ወይራው ገመድ ዘርግቶ፣ ባዶ ጠርሙሶች አስሮበት፣ ከገመዱ ሳይወጣ እንዲዋኝ አደረገው። ለትንፋሹም ዳገቱን በሩጫ አስወጣው። ለምን እንዲህ እንደሚደክምለት ራሱም አልገባውም። እንዲሸነፍለት የሚፈልገውን ሰው እንዲህ የሚያለፋ ማን አለ?

የውድድሩ ዕለት ስምንት ሰዎች ውኃው ዳር ተሰለፉ። ፊሽካው ተነፋ። ወንዳወቅ እንደ ተወረወረ ጦር ቀጥ ብሎ ሄደ። ክትሩ ላይ ያለው ሰው አንገቱን አስግጎ ያየው ጀመር። መንግሥቴ ከደመቀች አጠገብ ቆሞ «አሁን ይደክመዋል፣ አሁን ይደክመዋል» ይላል በልቡ። መንገዱ ሁለት እጅ ሲያልቅ እውነትም ደከመው። ክንዱ ከበደ። ከኋላው፣ ስሙ እንዳለው የሚባል የሰቆጣ ተወላጅ፣ የመብራት ኃይል ምሰሶ ሲወጣ ሲወርድ የሚውል ደረተ ሰፊ ሰው፣ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ውኃውን እየደበደበ፣ ምንም የማያምርበት ሰውዬ፣ እየቀረበ መጣ። ደረሰበት። አለፈው። ወይራውንም በአንድ ክንድ ቀድሞ ያዘ።

መንግሥቴ የፈለገውን አገኘ። ደስ ሊለው ሲዘጋጅ ሆዱን ያ ሕመም ያዘው። ቅናቱ ወንዳወቅን ትቶ፣ ዞሮ፣ እንዳለው ላይ አርፎ ነበር። በእሱ ውኃ፣ በእሱ ገመድ የሠለጠነን ሰው ይኼ ምሰሶ ወጪ ይቅደመው? «ያ ደግሞ ዋና ነው?» አለ ጮክ ብሎ። ደመቀች ዘወር ብላ አየችው።

ቢሆንም ጠበቀ። ሰው እንዳለውን ተሸክሞ ሲጨፍር፣ መንግሥቴ በክትሩ ላይ ከወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ጆሮውን ጣለ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «መንግሥቴ ሄዶ ቢሆን ኖሮ» ይላል ብሎ። ስለ እንዳለው ደረት ተወራ። ስለ ወንዳወቅ አወጣጥ ተወራ። ደርቤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራ። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ማንም ስሙን አላነሣም።

ወንዳወቅ ወይራው ሥር ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ደመቀች ትኩስ አጥሚት ይዛለት መጥታ ነበር። መንግሥቴ እየጎተተ ሄዶ አጠገቡ ቆመ። ወንዳወቅ አጥሚቱን አስቀመጠና ቀና ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ የመጨረሻው መንገድ የሳንባ ነው» አለ። «እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ይኼን ሰውዬ እዚያ ላይ ይጥሉት ነበር።»

መንግሥቴ ይኼን ቃል ስንት ሳምንት ሲጠብቀው፣ ከዚህ ሰው አፍ ይመጣል ብሎ አላሰበም፤ ያውም ከልቡ። ጎንበስ ብሎ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለለት። ወደ ክትሩ ዞሮ ሕዝቡን አየ። ከዚያ የወንዳወቅን ክንድ ያዝ አድርጎ ከመሬት አነሣው።

«ተነሥ እስቲ» አለው። «እዚያ ሰው ፊት ድገመው።»